የአጎቴ ጆሮ

አጎቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት ድሬዳዋ፣ በምድር ባቡር ጋራዥ ነው። ደርግ በወደቀ ዓመት ለንደን ከመጡ በኋላም ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ በደረስን ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው የባቡሩን ጎማ ያዳምጡ ነበር። እኔ በሰው ፊት አፍር ነበር።

አንድ ቀን፣ «ይቺ ባቡር ታማለች። የሦስተኛው ፉርጎ ጎማ ድምፁ ልክ አይደለም። ለሰውዬው ንገርልኝ» አሉኝ።

እንግሊዝኛ አይችሉም። እኔ ግን የጣቢያውን ሠራተኛ የጠየቅሁት ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነበር።

«አመስግኗል ጋሼ፤ ቼክ እናደርጋለን ብሏል» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ከዚያ ወዲህ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ሲያወሩ ኖሩ። ለቅሶ የደረሰውም ሰው ይህንኑ እያነሳ አጽናናኝ።

ዛሬ እዚያው ጣቢያ ቆሜ አዳመጥኩ። ለእኔ የሁሉም ባቡር ድምፅ አንድ ነው። ጋሼ፣ አልነገርኩልዎትም።