ባለዱላው ሯጭ

የማታው ሩጫ አንድ ሰዓት ይጀመራል ተብለን ሁለት ተኩል ላይ ተነሳን። ይኼንንም ዝግጅት ይሉታል! መንገድ የሚያሳይ ሰው ስላልቆመ ከጎንደር ፒያሳ ስንወርድ ግማሹ ቀኝ ግማሹ ግራ ያዘ፤ እኔም ብዙ ሰው የሄደበትን ተከተልኩ።

አንድ ሰፈር ስናቋርጥ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ከግቢያቸው ወጡና «በየት ሄደ?» እያሉ አብረውን ይሮጡ ጀመር። ሌባ የምናባርር መስሏቸዋል፤ ጎንደር ላይ ሰው በማታ ሲሮጥ አይቶ ቤቱ የሚቀመጥ ጎረቤት የለም። ላስረዳቸው ብል ትንፋሽ አጠረኝ።

ሽማግሌው መጨረሻው መስመር ላይ ቀድመውኝ ገብተው አዘጋጆቹ ሜዳሊያ ሲያጠልቁላቸው ደረስኩ።

«አያ፣ ሌባ የለም፤ ለጤናችን ነው የምንሮጠው» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ማንም ሳያባርርህ ነው እንዲህ የምታለከልከው?»