ደቻቱን ከዚራ ያስገባው አጎቴ

አጎቴ ማተሚያ መኪና አልነበረውም። ሳንቃ ላይ ሥዕል ይቀርጽና ቀለም ቀብቶ ጨርቅ ላይ ይደፋዋል፤ ከዚያ በባዶ እግሩ ይቆምበታል። "መኪናው እኔ ነኝ" ይል ነበር፣ አላህ ይርሐመው።

የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ የድሆችን ቤት የወሰደ ጊዜ ጎርፉን ቀረጸው። ጣራው፣ ፍየሉ፣ ልጆቹ እንደ ሕልም ይንሳፈፋሉ። ሹሞቹ እንዲያዩት ጨርቁን በሰፈራቸው በከዚራ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ውሃ ደርሶበት የማያውቅ ሰፈር ጎርፍ ገባበት።

ፖሊስ መጣ። "ማን ነው የለጠፈው?"

"እኔ ነኝ አቦ! ቅደደው፤ ሳንቃው ቤት አለ፣ ነገም አትማለሁ።"

ታሰረ፤ ሲፈታ ደግሞ ለጠፈ።

ዘንድሮ እሱ በሌለበት ደቻቱ መጣ፤ ቤት ወሰደ። ከዚራ ሄጄ ግድግዳውን በእጄ ዳበስኩት። ንጹሕ ነው። እኔ መቅረጽ አልችልም። ቤታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ግን አሁንም ደጅ ያድራሉ።