«ራቢአ ጠፍታብናለች»

ውብአየሁ ፈሪ ናት፤ እሷም አትደብቀውም። ውሻ ትፈራለች፣ ሊፍት ትፈራለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጻፈችው ነገር ከእጇ ወጥቶ ማን ዘንድ እንደደረሰ አለማወቅን ትፈራለች። ሰበታ ውስጥ፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የሰፈር ሰዎች ባቋቋሟት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ከመዝገብና ከካርድ በቀር ምንም ላይ ጽፋ አታውቅም። ካርድ ጥሩ ነው። መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ይቆለፋል፣ አለቀ።

አዲሱ ኃላፊ ኤርምያስ ግን ቴሌግራም ይዞ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሲናገር መተንፈስ የሚረሳ ሰው ነው።

«እትዬ ውብአየሁ፣ አንባቢ እየሸሸን ነው። ቻናል ከፍቻለሁ፤ የሚጽፉበት እርስዎ ነዎት።»

«ብሳሳትስ?»

«ያጠፉታላ! ምን ችግር አለው?»

እምቢ ማለት አልሆነላትም። አንባቢ መሸሹ እውነት ነው፤ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ደግሞም፣ ብታፍርበትም፣ የለጠፈችውን የመጀመሪያ የመጻሕፍት ዝርዝር ሃምሳ ሰው እንዳየው ስታውቅ ደስ ብሏት ነበር። ሃምሳ ሰው! በዚያ ሳምንት በበሩ የገባው አሥራ አንድ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደፈረች። ከአንባቢዎቿ ሁሉ የምትወዳት ራቢአ፣ የባለሱቁ የጋሽ ከድሩ ልጅ፣ ብቅ ካለች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ሰው ሲርቀን ሁላችንም የምንለው ያው «ምነው ጠፋሽ?» ነው፤ ውብአየሁም ያንኑ ልትል ፈለገች። ኤርምያስ ፎቶ የሌለውን ማንም አያይም ብሏት ስለነበር የራቢአን የአባልነት ካርድ ከመሳቢያ አውጥታ በስልኳ አነሳችው። ከሥሩ ፈገግ እያለች ጻፈች፦ «ራቢአ ከድሩ ጠፍታብናለች፤ ሦስት ሳምንት ሆናት። ያያችኋት ንገሩን።»

ፈገግታዋን ግን ማንም አላየም። የታየው የልጅቷ ፎቶ ነው፤ ከፎቶው በታች ደግሞ የዋሷ፣ ማለትም የአባቷ፣ ስልክ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

እስከ ምሳ ሰዓት ጽሑፉ ቡራዩና ሱሉልታ ደርሶ ነበር። «አላህ ያውጣት።» «እመቤቴ ትድረስላት።» «እባካችሁ ሼር አድርጉ፣ እህታችን ናት።» ውብአየሁ ስልኳን ስትከፍት መጀመሪያ ማን ጠፋ ብላ ደነገጠች። ከዚያ የራሷን ጽሑፍ አየች። ቶሎ አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ቀድቶ በየግሩፑ በትኖታል።

ጋሽ ከድሩ ሱቃቸውን ክፍቱን ጥለው እየሮጡ የመጡት ያኔ ነው። ነጠላ ጫማቸው አንዱ እግራቸው ላይ የለም።

«ሰው ደወለልኝ። ልጅህ እኛ ጋ ናት፣ ለፖሊስ ትንፍሽ ብትል አታገኛትም አለኝ። እርስዎ የሚያውቁት ምንድን ነው? በአላህ ይንገሩኝ!»

«ጋሼ፣ ውሸቱን ነው! የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲያው ጠፋሽ ለማለት… ናፍቃኝ…»

«ጠዋት ሆለታ አክስቷ ጋ ሄዳለች። ታዲያ ስልኳ ለምን ተዘጋ?»

ደዋዩ ቁጥሩን ከካርዱ ላይ ያገኘ አጭበርባሪ መሆኑን የውብአየሁ ልብ ያውቃል፤ ቢሆንስ የሚል ፍርሃት ግን አልለቀቃትም። በቀልድ የጻፈችው እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ስልክ ሲደውሉ፣ ዝግ ነው ሲባሉ፣ እንደገና ሲደውሉ ሁለት ሰዓት አለፈ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራቢአ በአክስቷ ስልክ ደወለች። «አባዬ፣ ባትሪዬ አልቆ ነው። ሰዉ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅስልኝ?» ጋሽ ከድሩ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሲረጋጉ የልጃቸውን ካርድ ጠየቁ፤ ኪሳቸው ከተው ወጡ። አልተቆጧትም። ቢቆጧት በተሻላት።

ማምሻውን ኤርምያስ የቻናሉ ተከታይ ዘጠኝ ሺህ መድረሱን ነገራት። ደስ ይበለው ወይስ ይከፋው እሱም አላወቀም። ውብአየሁ ግን ቁርጧን ተናገረች፤ ቻናሉ ነገ ይዘጋ።

በማግሥቱ ጠዋት ልትከፍት ስትመጣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ አገኘች። ከሱሉልታ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ እትዬ። ያቺን ልጅ ያስገኙት እርስዎ ነዎት አሉኝ።» ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አወጣች። «ልጄ ነው፣ ስምዖን። ከጠፋ አራት ወሩ። ያላመለከትኩበት ቦታ የለም። ይጻፉልኝ።»

ውብአየሁ እኔ ማንንም አላስገኘሁም፣ ሞኝነቴ ነው ልትል አፏን ከፈተች። የሴትየዋን ዓይን አይታ ዘጋችው። በሩን ከፍታ አስገባቻት፣ ስልኳን አወጣች፣ ፎቶውን አነሳች። የእናትየዋን ቁጥር አልጻፈችም፤ የራሷን ጻፈች። «ስምዖን ጠፍቷል» ብላ ገና ባልተዘጋው ቻናል ላከችው።

ሴትየዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያቺኛዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተገኝታለች አሉ» አለች። «እዚሁ ልጠብቀው?»

ውብአየሁ በዕድሜዋ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።