ጋቢ ይዤ ቡሬ የሄድሁ ቀን

ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ካቆመች ሁለት ወር አልፏት ነበር። እግሯ ጤነኛ ነው፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። የታመመው እጇ ነው። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ቢያብጥ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ «ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትነኪ» ተባለች። ውሃ ካልነካች አታጥብም፤ ካላጠበች ነጠላዋ አይነጣም፤ ነጠላዋ ካልነጣ ደግሞ ከቤት አትወጣም። «በቡላ ነጠላ ሴት መሃል አልቆምም» አለች፣ ቆረጠች። ሴቶች ልጆቻችን ባል አግብተው ርቀዋል። በቀን ሥራ የምታጥብ ሴት ባመጣ አንዱ ነጠላዋ ላይ በረኪና ደፍታ የጥለቱ ቀይ ወደ ነጩ ፈሰሰ። ያን ቀን ባለቤቴ አለቀሰች። ለሰው እንጂ ለጨርቅ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

«እንግዲያው ማሽን እገዛለሁ» አልሁ።

በምንኖርበት ፍኖተ ሰላም ያየሁት ማጠቢያ ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሆቴል ነው። ቡሬ ግን በየዓይነቱ የሚሸጥበት ሱቅ ተከፍቷል ተባለ።

እኔ እንግዲህ ጅጋ አጠገብ ሳርስ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከተማ የገባሁት ጉልበቴ ካለቀ ወዲህ ነው። በእኛ ዘንድ በሬ በዓይን አይገዛም። ቀንዱን ታያለህ፣ ጥርሱን ትቆጥራለህ፣ ከዚያ ቀንበር ታገባበትና ሁለት ትልም ታስኬደዋለህ። ሳይጠምድ የገዛ ሰው ቢከስር ማንም አያዝንለትም። ስለዚህ ጋቢዬን ይዤ ሄድሁ። አንድ ወር ሙሉ ሆን ብዬ ሳላሳጥብ ቆይቻለሁ፤ አንገቱ ላይ ላቡ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፣ ጫፉ ጭቃ ጠግቧል። በፌስታል ቋጥሬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ «አያ፣ ምን ሞቶብዎ ነው የያዙት?» አለችኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ይሳቅ።

ሱቁ ግድግዳ ላይ የምርጫው የንብ ሥዕል ገና አልተላጠም። ሦስት ማሽን ተደርድሯል። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። የተማርሁበትም ምክንያት አንድ ነው፦ ማንም ወረቀት እያሳየ እንዳያታልለኝ። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልሁ። ማሽኑ ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል፤ አንድም የእኔ ፊደል የለበትም። ያን ሁሉ ማታ ሀሁ ያልሁት ለዚህ ነው?

«ይሄ ምን ይላል?» አልሁት ባለሱቁን።

«ኮተን። ጥጥ ማለት ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ጥጥ ብለው ለምን አልጻፉም?»

«ቻይናዎቹን ይጠይቋቸው።»

«ልብስ አጥርቶ የሚያነጣው የትኛው ነው?»

«ሁሉም ኦርጅናል ነው።»

«ኦርጅናል ነው ወይ አላልሁህም። ያነጣል ወይ ነው ያልሁህ።»

«እንደ በረዶ!»

ፌስታሉን ፈትቼ ጋቢውን ፊቱ ዘረጋሁለት። «እጠብልኛ። ልየው።»

ወደ ኋላ ፈግፈግ አለ፤ ከሽታው ነው። «አባባ፣ ይሄ ሱቅ እኮ ነው።»

«ሳልጠምድ አልገዛም።»

«በሬ ከፈለጉ የከብት ተራው ወዲያ ነው!»

ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጋቢውን መልሼ ማጠፍ ስጀምር ባለሱቁ ሳቁን አቆመ። ውሃ በጀሪካን አስመጣ።

መጀመሪያ ትንሹን ሞከርነው። ጋቢው ውሃውን ጠጥቶ ተነፋ፤ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቀጥ አለ። «ተኛ!» አለ በር ላይ የቆመ የባጃጅ ነጂ፤ «አያ፣ ምን ያዩታል፣ ይግረፉት እንጂ!» ሁለተኛው መስኮት ያለው ነው፤ ውሃ ከቧንቧ በኃይል ካልመጣለት አይነሣም አሉኝ። የእኛ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚንጠባጠበው፤ እሱን ተውሁት። ሦስተኛው ትልቁ፣ ከላይ የሚከፈተው ነው። ጋቢውን ዋጠው። ዞረ። ተንቀጠቀጠ፣ ከቆመበት አንድ ክንድ ተራመደ፤ ግን አልተኛም። ሰው በሩን ሞላው። «በርታ! ይስባል! ይስባል!» ይላል። እኔም አብሬ ሳልጮህ አልቀረሁም። ሲጨርስ ተጨበጨበ። ባለሱቁ ጋቢውን እንደረጠበ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተፈትኖ ስቦ ሳለ አልገዛም ማለት ነውር ነው። ከፈልሁ። አይሱዙ ላይ ጭኜው ደስ ብሎኝ ተመለስሁ።

ባለቤቴ ማሽኑን ዞር ብላም አላየችው። «ጋቢው የታለ?» አለች። ፌስታሉን ፈታች፣ አጥር ላይ ፀሐይ ለፀሐይ አሰጣችው፣ አንገቱን በእነዚያ ባበጡ ጣቶች ገለጠች። ቢጫው እንዳለ አለ። የጫፉ ጭቃ ወደ መሃል ገብቷል።

«ይሄ ታጠበ አሉዎት?»

«ዞሯል እኮ። አልቆመም። ጉልበት አለው።»

«እኔ ጉልበት ይግዙልኝ አልሁ?»

ገበሬ እንኳ በሬ ሲፈትን ዞሮ ትልሙን ያያል። እኔ የማሽኑን መሳብ እንጂ የጋቢውን መንጻት አላየሁም። ያን ያህል ሰው ሲያጨበጭብልኝ ፌስታሉን ፈትቼ ማየት እንዴት ትዝ ይበለኝ።

በማግስቱ ቡሬ ሄድሁ። ባለሱቁ «ውሃ የነካ ዕቃ አይመለስም» አለ።

«ውሃ ያስነካኸው አንተ!»

«ያስነኩኝ እርስዎ!»

እውነቱን ነው፤ እውነቱን በመሆኑ ደግሞ የባሰ ተናደድሁ። «በሙቅ ውሃ ይሞክሩት» ብሎ ሸኘኝ። ሞከርሁት። ሱሪ ያጥባል፤ አንሶላም ይሁን። ነጩን ግን ቡላ አድርጎ ይመልሳል። ባለቤቴ ነጠላዋን አጠገቡ እንኳ አላደርስም አለች። ሌላ እሑድ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ደወል ሲደወል ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ያን ማየት አቃተኝ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ነጠላዋን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ቁጭ አልሁ። እሷ በርጩማ ስባ በላዬ ተሰየመች። «አይጠምዝዙት፣ ክሩ ይላላል። ጥለቱን ለብቻው ይያዙት። ኧረ እሱን አይደለም!» ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እትዬ፣ ገዛችሁ የተባለው አዲሱ ማሽን ይሄ ነው እንዴ?» አለቻት።

«እሱ ነው። ይሄም እየቆመ አስቸገረኝ።»

አንዴ አጥቤ ሰጠኋት፤ ፀሐይ ላይ ይዛ አየችና ሳፋው ውስጥ መለሰችው። ሁለተኛም መለሰችው። በሦስተኛው ግን አሰጣችው።

እሑድ ለብሳው ሄደች። ከቅዳሴ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት።

«እህሳ?»

«የጠርዙ እድፍ አልለቀቀም። ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ከግንቡ ሥር ቆምሁ።»

«ሄደሻል አይደል!» አልሁ፣ ጣቶቼ እየቆረጠሙኝ።

ነጠላውን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ሄጃለሁ። ፊት ሊያስቆሙኝ ግን ገና ነዎት።»