«ዛሬስ እንዴት ነሽ?» ይሉ የነበሩት ጋሽ ሙሄ

በመንሱራ ሰፈር ሶፋ በመጠገን የምናውቃቸው ጋሽ ሙሄ ባለፈው ሐሙስ በልብ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እዚሁ ሪያድ ቀበርናቸው። ለማታውቋቸው ላስረዳ፤ ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው የሚያወሩ፣ ከሶፋ ሥር ያገኙትን የልጆች መጫወቻ አጥበው በፌስታል ለባለቤቱ የሚመልሱ ሰው ነበሩ።

ስለ ልጃቸው ስለ ሰሚራ የምጽፈው ራሷ ፈቅዳልኝ ነው። «ይጻፉት ቲቸር፤ ሒሳብ እወድቅ እንደነበር ብቻ ይተዉት» ብላኛለች።

ሰሚራ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የክኒን ሱስ ያዛት። መጀመሪያ ለፈተና ነቅቶ ለማጥናት ነበር፤ በኋላ ግን ያለ ክኒን ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። የክፍሏ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። አባቷን ጠርቼ፣ እዚህ ብዙዎቻችን እንደምንመክረው፣ «አገር ቤት አክስቷ ዘንድ ይላኳት» አልኳቸው። ሦስት ምክንያትም በቅደም ተከተል አቀረብኩ፦ ጎረቤት አይሰማም፣ ሌሎች ተማሪዎች አይለምዱም፣ እርስዎም ያርፋሉ። አመስግነውኝ ኹሩጅ የሚባለውን የመውጫ ፈቃድ አስጨረሱ፤ ትኬትም ቆረጡ።

አየር ማረፊያው በር ላይ ሰሚራ «አባ፣ እዚያ ሲብስብኝ ማንን ልጥራ?» አለቻቸው። ሻንጣዋን መልሰው መኪናው ላይ ጫኑት።

በማግስቱ ትምህርት ቤት መጡ። «መምህር፣ ምክንያቶችህን መንገድ ላይ አሰብኳቸው» አሉኝ። «አንዱ ለጎረቤት፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለእኔ ነው። ለሰሚራ የሚሆን የለበትም።»

ሐኪም ፈለጉላት፤ በቀጠሮዋ ቀን ሱቃቸውን ይዘጉ ነበር። በየጠዋቱም «ዛሬስ እንዴት ነሽ?» ይሏታል። መልሷ ምንም ቢሆን አይቆጡም። ከአራት ወር በኋላ አንድ ጠዋት እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርኩ፤ ሰሚራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አባ፣ ትናንት ወሰድኩ» አለች።

ጋሽ ሙሄ ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡ። «እንኳን ነገርሽኝ። ያላ፣ ጫማሽን አድርጊ፤ ሐኪሟ ሳትወጣ እንድረስ።»

«ሶፋዬስ?» አለ አንድ ደንበኛ።

«ሶፋህ የትም አይሄድም፤ ተቀመጥበትና ጠብቀን።»

ሰውየው እውነትም ተቀምጦ ጠበቃቸው።

አሁን ሰሚራ ክኒን ከተወች ሁለት ዓመት አልፏታል። የሱቁን ጨርቅ የምትለካውና የምትቆርጠው እሷ ነች፤ ሒሳቡም አላስቸገራትም።

ጋሽ ሙሄ፣ ሰሚራ ዛሬ ሱቁን ከፍታለች። ጠዋት የሚጠይቃት እንዳታጣ ብዬ ከክፍል በፊት ደወልኩላትና «ዛሬስ እንዴት ነሽ?» አልኳት። «አልቅሻለሁ፤ ግን ደህና ነኝ ቲቸር። ያላ፣ ተማሪዎችዎ ይጠብቁዎታል» አለችኝ። ነገም እደውላለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ።