ያጋደለው ኦርኬስትራ

ሽቦ ከሲኒማ አዳራሹ በር እንደወጣች እግሬ አውጪኝ አለች። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሻርፗ ከአንገቷ ወልቆ አንድ ጫፉ መሬት እየጠረገ ነው የምትሮጠው። የገፋችውን ሰው "ይቅርታ" የምትለው ካለፈችው በኋላ ነው። ታክሲ ልትይዝ አስባ ነበር፣ ግን ሰልፉን ስታይ እግሯ አልቆም አላት። መንገድ ስትሻገር አንድ ባለ ሞተር ቀሚሷን ጠርጎ ሲጢጥ ብሎ ቆመ።

"አንቺ! ይሄን ሁሉ ጥሩምባ ስነፋ አትሰሚም? ደንቆሮ ነሽ እንዴ?"

ሌላ ቀን ቢሆን አፉን የሚያስይዘው መልስ አታጣም ነበር። ዛሬ ግን ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየት በኩል ነበር የመጣው? በቀኝ። ዞር ብላ አየችው፣ አዎ፣ በቀኝ ነው። ሩጫዋን ቀጠለች።

የምትሮጠው ዛሬ ለአዳራሹ አያስፈልግም ብላ ቤት የተወችውን ሄድፎን ለመያዝ ነው። የአዳራሹ የድምፅ ባለሙያ ለብቻዋ ጠርቶ አንድ ነገር ነግሯታል። "ሄድፎንሽን ገልብጠሽ አድርጊው። የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። ድምፁ የሚደክምብሽ ጎን ከሄድፎኑ ጋር አብሮ ከዞረ ችግሩ የዕቃው ነው፣ ሌላ ትፈልጊያለሽ። ካልዞረ ግን..." አለና ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ካልዞረ ምን እንደሆነ ሳይነግራት ገመዱ አለቀ።

ሽቦ እናትና አባት ያወጡላት ስም አይደለም። በአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት የሚሠሩት ልጆች ናቸው ያወጡላት፤ ቅጥነቷንም አይተው፣ ከአንገቷ የማይጠፋውንም የሄድፎን ገመድ አይተው። ትምህርቷን መንገድ ላይ ትታዋለች። ጠዋት ጠዋት መላጊያው ማሽን ጋ ቆማ ሳንቃ ታጎርሳለች፣ አባቷ በወዲያኛው በኩል ይቀበላታል። ከሰዓት ሥራው ረገብ ሲል ደግሞ ብናኙ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ጓዳ ትገባና ያንን አሮጌ ላፕቶፕ ከፍታ ሙዚቃ ትሠራለች። የሠርግ ሙዚቃ፣ የዘፈን ሙዚቃ አይደለም። የፊልም ነው፤ ቫዮሊኑ፣ ቼሎው፣ ጥሩምባው አንድ ላይ የሚነሣበት፣ ሰው ምን እንደነካው ሳያውቅ ዓይኑን የሚጠርግበት ዓይነት።

የፊልሙ ዳይሬክተር ሥራዋን መጀመሪያ የሰማ ቀን "ስንት ሰው አለሽ?" ብሎ ጠይቋት ነበር።

"ማንም የለኝም። እኔና ላፕቶፑ ነን።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ተጫዋች ከየት መጣ?"

"በነጻ ነው ያገኘሁት፣ ጋሼ።"

"ሰው በነጻ የሚገኝ ከሆነማ ለእኔም ተዋናይ ፈልጊልኝ!" ብሎ ሳቀ፣ ግን ፊልሙን ሰጣት። የመጀመሪያዋ ነው። ይሄ ከሰመረ ሌላም አለ፣ ካልሰመረ ዕድሜዋን ሙሉ ሳንቃ ማጉረስ ነው፤ እንዲህ ብላ ነበር ለራሷ።

በነጻ ያለችው ውሸት አይደለም። አንዱ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ቫዮሊኑን ድምፅ በድምፅ፣ አንዴ ለስለስ አንዴ ጠንከር አድርጎ እየተጫወተ ይቀዳውና ኢንተርኔት ላይ "ውሰዱት" ብሎ ይለቀዋል። ሳምፕል ነው የሚሉት። ሽቦ ቫዮሊኑን ካንዱ፣ ዋሽንቱን ካንዱ፣ ከበሮውን ከሌላው ለቃቅማ ነው ኦርኬስትራ ያቆመችው። የነጻ ነገር ደግሞ አመል አለው። የአንዱ ቫዮሊን ቀስ ብሎ መጫወት አያውቅም፣ ሁልጊዜ እንደተቆጣ ነው። የሌላው ቼሎ ውስጥ የተጫዋቹ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። አንድ ድምፅ ከደጋገምሽው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ተተተተ ይልብሻል፣ ምክንያቱም ያው አንዱ ቅጂ ነው የሚመላለሰው። እሷ ግን መላውን ታውቃለች። እያንዳንዷን ድምፅ በማውዝ እየነካች አንዷን ትንሽ ታዘገያለች፣ አንዷን ታስቀድማለች። ደርዘን ሰው ቁጭ ብሎ ሲጫወት እኩል አይመታም እኮ። የድምፁን መጉላትና መሳሳትም እንደ እስትንፋስ በእጇ ትስልለታለች፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ። በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ማስተጋባት ውስጥ ትከትና አንድ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ታስመስላቸዋለች።

ከዝናቡ ወራት ወዲህ ነው ነገሩ የተበላሸባት። ቼሎና ኮንትራባስ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባለ ክሮቹ፣ የሚቀመጡት በቀኝ ነው፤ ያ ቀኝ በኩል ደከመባት። "ነጻ አይደል፣ አንድ እግሩ ጎዶሎ ቢሆን ምን ይገርማል" አለች። ድምፁን ጨመረችው። አሁንም ሳሳባት። ከሌላ ቦታ ሁለተኛ ቼሎ አምጥታ ደረበችበት። ትንሽ ቆይቶ እሱም ሳሳባት፣ ጨመረች። ሌላም ነገር ነበረ፤ ከዋሽንቱ ጀርባ ቀጭን ፉጨት፣ ጢ... የሚል። የቀዳው ሰው ማሽኑን ሳያጠፋ ነው የቀዳው ብላ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ከዋሽንቱ ላይ ቆረጠችው። ፉጨቱ ቫዮሊኑ ላይ ተገኘ። ከቫዮሊኑም ቆረጠች። ጥሩምባው ላይም አለ። ሁሉንም እየዞረች አናት አናታቸውን ስትቆርጥ ከረመች። ፉጨቱ አልሄደም። "በቃ የላፕቶፑ ማራገቢያ ነው" ብላ ተወችው።

ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ሲሞከር የነበሩት ዳይሬክተሩ፣ የድምፅ ባለሙያውና እሷ ብቻ ናቸው። ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት የሞተ ባሏን ሸሚዝ እያጣጠፈች በሹክሹክታ ታወራዋለች። ሽቦ ለዚያች ቦታ ነው ልቧን የሰጠችው። ቼሎው ቀስ ብሎ እንዲገባ፣ ሴትዮዋን ከኋላ ደገፍ እንዲያደርጋት ነበር ሐሳቧ። ቼሎው ገባ። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"አቁመው፣ አቁመው! ይሄ ምንድነው? የጭነት መኪና ግድግዳውን ጥሶ ገባ እንዴ? ሴትዮዋ ምን አለች? አንድ ቃል ሰማችሁ?"

"እኔ ልክ ነው የሚሰማኝ" አለች ሽቦ።

"ልክ?" ወደ ቀኙ ግድግዳ ጠቆመ። "ኦርኬስትራሽ እኮ ተኮራርፏል፣ እቴ! ሁሉም ተጠራርቶ እዚያ ጥግ ሄዷል። ግራ በኩል ያሉት ምን አድርገውሽ ነው አፋቸውን ያስያዝሻቸው?"

የድምፅ ባለሙያው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። "ቀጫጭኑንስ ለምን ቆረጥሽው፣ እህቴ? ቫዮሊኑ ብርድ ልብስ የለበሰ ነው የሚመስለው።"

"ፉጨት አለበት።"

"የምን ፉጨት?"

"አሁንም አለ እኮ። አይሰማህም?"

ሙዚቃው ቆሟል። አዳራሹ ጭጭ ብሏል። ባለሙያው ዳይሬክተሩን ቀና ብሎ አየው፣ ዳይሬክተሩ ጫማውን አየ። ያኔ ነው ለብቻዋ ወደ ገመዶቹ የወሰዳት።

ቤት ስትደርስ ማሽኑ እየጮኸ ነው። አባቷ እጁን አወዛወዘላት። "እንዴት ሆነ? አጨበጨቡ?" ብሎ ጮኸ። የእነሱ ቤት ሁሉም ነገር በጩኸት ነው፤ አባቷ ጆሮው ከከበደ ቆይቷል። ጨው አቀብሉኝም በጩኸት ነው፣ ደህና እደሩም በጩኸት። አዲስ የመጣ ጎረቤት የተጣሉ መስሎት ሊያስታርቅ መጥቶ ያውቃል።

"እመጣለሁ!" ብላ ጮኸችለትና ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሄድፎኑን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ዋሽንቱን መረጠች፤ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ልክ መሃል ላይ፣ ለግራም ለቀኝም እኩል። መጀመሪያ እንደወትሮው አደረገችው። ግራው ጥርት አለ፣ ቀኙ ከግድግዳ ወዲያ ማዶ የሚነፋ መሰለ። "አምላኬ፣ ዕቃው ይሁን" አለች። ገለበጠችው።

ቀኙ ከግድግዳ ወዲያ ማዶ ነው።

እንደገና ገለበጠች። እንደገና። ሄድፎኑ ዞረ እንጂ ግድግዳው አልዞረም። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ላፕቶፑን ድርግም አደረገችው። ማራገቢያው ቆመ።

ጢ...

ለቅሶ መጥቶባት ነበር፣ ግን እልህ ቀደመው። ላፕቶፑን መልሳ አበራችውና የሴትዮዋን ቦታ ከፈተች። ስክሪኑ ላይ የግራና የቀኝ ድምፅ ልክ የሚያሳዩ ሁለት አረንጓዴ መስመሮች አሉ። እስከ ዛሬ "እኔ በጆሮዬ ነው የምሠራ፣ በዓይን የሚሠራ ቀለም ቀቢ ነው" ትል ነበር። አሁን ዓይኗን መስመሮቹ ላይ ተክላ ቀኙን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችው፣ እኩል እስኪሆኑ። እኩል ሲሆኑ ቼሎው ጠፋ። ለእሷ ጠፋ። ዓይኗ ይኸው አለ ይላታል፣ ጆሮዋ የለም ይላታል። በዚያ ቦታ ሴትዮዋን የሚደግፋት ምንም የለም፣ የባሏን ሸሚዝ ይዛ ባዶ ቤት ቆማለች። እንዲህ ነው የሚሰማው ሰው ሁሉ? ወይስ ለሰው ሁሉ ያምራል? ማንን ትጠይቅ? አባቷን? የእሱ ጆሮ በሩ ሲንኳኳም አይሰማ።

ማሽኑ ቆመ። አባቷ ብናኙን ከክንዱ ላይ እያራገፈ ገባ። ፊቷን ሲያይ የጀመረውን ቀልድ ዋጠው።

"ምን አሉሽ፣ የኔ እናት?"

"አባዬ፣ ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም።"

"ምን?"

"ቀኝ ጆሮዬ!" ብላ ጮኸች። "አይሰማኝም!"

አባቷ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እንደዚያ ቤት ወግ ሳይሆን፣ ዝግ ባለ ድምፅ "ጢ... የሚልሽስ አለ?" አላት። ከንፈሩን አይታ ነው የሰማችው።

"አንተ ከየት አወቅክ?"

"ያ የምትቆሚበት ቦታ መጀመሪያ የእኔ ነበር። ማሽኑ በቀኝሽ ነው አይደል?" እጆቹን ጉልበቱ ላይ ገለባበጣቸው። "ለእኔም በቀኙ ነው የጀመረኝ። ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ግራውም ተከተለ።"

"ሐኪም ጋ ሄደህ ነበር?"

"ሄጄ ነበር። ዘግይቼ።"

"ምን አለህ?"

"የሄደው አይመለስም አለኝ። ቶሎ ብትመጣ ኖሮ ብሎ ጀምሮ ተወው።" ቀና አለ። "ያንቺ ግን ገና ነው። ገና አይደል? ነገ እንሄዳለን። ማሽኑ ጋ ደግሞ ከእንግዲህ ዝር እንዳትዪ።"

"ሳንቃውን ማን ያጎርሳል?"

"አንድ ነገር ይሆናል" አለ። ምን እንደሚሆን እሱም አላወቀውም፣ ከድምፁ ያስታውቃል።

ስልኳ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነው። ወደ ግራ ጆሮዋ ወሰደችው፣ ሁልጊዜም ወደ ግራ እንደምትወስደው ዛሬ ገና ልብ አለች።

"እህቴ፣ ቅድም ተናድጄ ነው፣ አትቀየሚኝ። አሁን ቁርጡን ንገሪኝ። ቅዳሜ ሰው ፊት ነው የሚቀርበው። ታስተካክዪዋለሽ ወይስ ለሌላ ልስጠው?"

እሺ ማለት ትችል ነበር። መስመሮቹን እያየች በዓይኗ ሠርታ ልትሰጠው ትችላለች፤ ምናልባት ያምርም ይሆናል። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ከንፈሯን ያያል።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም" አለች። "ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ዛሬ ነው ያወቅኩት።"

"እየቀለድሽ ነው?"

"አይደለም።"

"እ..." አለ። የሆነ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማት። "እሺ። እሺ፣ የድምፅ ባለሙያውን ላነጋግረውና እደውልልሻለሁ።" ዘጋው።

"ምን አለ?" አለ አባቷ።

"እደውላለሁ አለ።"

"ይደውላል?"

"እኔ እንጃ፣ አባዬ።"

ዳይሬክተሩ እደውላለሁ ያለው ለእሷ ብሎ ይሁን ለመሸሽ ከድምፁ አልለየችውም። ሐኪሙም ነገ ገና ነው ይበላት፣ ዘግይተሻል ይበላት አታውቅም። ቼሎውን እዚያው መስመሮቹ እኩል በሆኑበት ትተወው ወይስ ለራሷ እስኪሰማት ትመልሰው፣ ይህንንም አታውቅም። ምን እንደሚመጣ አታውቅም።