ስም የሌለው ስድብ

ሰሊጥ ሲቆላ በሸተተኝ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን ትቼ እቆማለሁ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ፉልና ሽሮ የምሸጥባት ክፍል ጠባብ ናት። ጎረቤቴ ሰሊጥ ቆልታ በስኳር እየለወሰች ትሸጣለች፤ እሷ ምድጃዋን ስትለኩስ እኔ በልቤ ፋሽጋ፣ ሰሊጥ እርሻው ላይ ነኝ። «ኻልቲ፣ ፉሉ የት ቀረ?» ይሉኛል እዚህ ተወልደው ያደጉት ያገሬ ልጆች፣ አክስቴ ማለታቸው ነው፣ ግማሹን በዓረብኛ። የት እንደቀረ ብነግራቸው ፉላቸው ይቀዘቅዛል።

ይህ የሱዳን ጦርነት ሳይመጣ በፊት፣ ከመተማና ከጎንደር ቆላ ለአጨዳ የሚሻገሩ ሰዎች ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ሠላሳ ያህል ነበርን። መስቀልን አገር ቤት አክብረን በማግስቱ እንነሣለን፤ ሰሊጥ አይጠብቅማ፣ ሁለት ቀን ከዘገየህበት ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ዓይንህ የሚያርፍበት ኮረብታ የለውም። አጫጆቹ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፣ ማጭድ ይዘው ያጎነብሳሉ፣ እኔ ከኋላ በውኃ ታንኩ ጥላ ሥር ድስቴን ጥጄ የጀርባቸውን ሰልፍ አያለሁ። ያን ሰልፍ የሚያህል ደስ የሚል ነገር ከዚያ በኋላ አላየሁም። ላቡ፣ ትንኙ፣ የውኃው ጨዋማነት ተረስቶኝ አይደለም፤ እሱንም ጭምር ናፍቄ ነው።

ሥራውን የሚያስኬደው ስድብ ነበር። አውራጅ የምንለው፣ ግጥም የሚያወጣው ሰው፣ ከሰልፉ መካከል ሆኖ ሁለት ስንኝ ይጥላል፤ የቀሩት ይቀበሉታል፣ ማጭዱም በዜማው ይሄዳል። ግጥሙ የሚሰድበው ሰው አለ። ስሙ ግን በጭራሽ አይጠራም። ግጥሙ እኔን ነው ያለ ሰው ራሱ ቀና ብሎ እጁን ያነሣና «እኔ ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ለሻይ የሚሆን ስኳርም ሆነ ሲጋራ፣ ያለውን ያወጣል፤ ሁሉም ይስቃል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እጁን ያላነሣ አልተሰደበም። ተሰደብኩ ብሎ የሚቆጣማ ለሚቀጥለው ዓመት የሚጠራው የለም።

አውራጁ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ሁላችንም አያ እንለው ነበር፤ እዚህም አያ ብዬ እተወዋለሁ። ፊደል አልቆጠረም፣ ግን አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ገና በመጀመሪያው ቀኔ ምሳ አቅርቤ ዞር ስል እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

እመቤት ወጥ ሠሪ፣ ሙያሽን አየሁት፤
ሽሮ ነው ያልሽውን፣ በጣሳ ጠጣሁት።

ፊቴ ጋለ። ማማሰያዬን ይዤ ልደርስበት ነበር። ከዚያ ሠላሳ ጀርባ ሲቀበለው ሳይ ሳቄ አመለጠኝ። ማማሰያዬን ወደ ላይ አንሥቼ «እኔ ነኝ!» አልኩ። ለራት ሽሮዬን አወፈርኩት፣ ዘይትም ጨመርኩ።

ባለ እርሻውም አልቀረለትም። ሱዳናዊ ነው፣ ደግ፣ ቦርጫም። መኪናውን አቁሞ ሲወርድ አያ ጠበቀውና፦

ሆዱን አስቀድሞ፣ መጣልን ጌታችን፤
እሱ እስኪደርስ ድረስ፣ ይረፍ ማጭዳችን።

አለ፤ የቀሩትም ተቀብለውት ማጭዳቸውን ጥለው ቁጭ አሉ። ሰውየው ከብዙ ዘመን አብሮን ስለኖረ አማርኛ ይሰማል። ሆዱን ይዞ እስኪያነባ ሳቀ፣ እጁን አነሣ፣ በማግስቱ ፍየል ላከልን። ከዚያ ወዲህ ለአያ ትልቅ ሰው ማለት ሲሰደብ ፍየል የሚልክ ማለት ሆነ።

የመጨረሻው ዓመታችን ላይ ዳቦ ጠፋ። ገዳሪፍ የሄደ ሁሉ ስለ ሰልፍ ያወራል። አንድ ቀን ጠዋት አያ ስለ ዳቦው ሰልፍና ሰልፉን እያየ ስለሚተኛ አንድ የመንግሥት ትልቅ ሰው አራት ስንኝ ጣለ። ግጥሞቹን አልጽፋቸውም። ፈርቼ ነው፣ አልዋሽም። አጫጁ በሙሉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ፣ ድገመው ሲሉት እኔም ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩ።

በአጫጆቹ ካምፕ ደህና ስልክ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የታመመች እናቴን ፊቷን እያየሁ ላወራት ብዬ የገዛሁት። ፌስቡክ ላይ «የእናቷ ልጅ» በሚል ስም የአበባ ሥዕል ለጥፌ እገባ ነበር። ቪዲዮውን ጫንኩት። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። አገር ቤት ያሉት ማን እንደተሰደበ ላይገባቸው ነው ብዬ አሰብኩ፣ የአያ ግጥምም በከንቱ ሊቀር ነው ብዬ አዘንኩ። ስለዚህ ከሥሩ የዚያን ትልቅ ሰው ስም ከነማዕረጉ ጻፍኩበት። ዕድሜ ልኬን በሰሊጥ አጨዳ ላይ የተሰደበ ሰው ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ጠራሁት።

ለአያ ብዙ ሰው እንዳየው ስነግረው የመጀመሪያ ጥያቄው «ሰውየውም ሰማ?» ነበር።

«ምናልባት» አልኩት።

«እንግዲያ እንዲህ ያለው ሰው በሬ እንጂ ፍየል አይልክም» አለና ለሁሉም አወራ። ቀኑን ሙሉ በሬው ላይ ተቀለደ፤ ማን እንደሚያርድ፣ ማን ቆዳውን እንደሚወስድ። ሳስታውሰው ይህ ነው አንጀቴን የሚበላኝ።

አንድ የማላውቀው ሰው ግጥሙን ወደ ዓረብኛ መልሶ ከሥሩ ጻፈው። ከዚያ ያላየው አልነበረም። በስልክ መሪን የሰደበ እንደሚታሰር የሚያዝዝ ሕግ እንዳለ የሰማሁት ፖሊሶቹ ካምፓችን ሲደርሱ ነው። ቪዲዮው ላይ የእርሻው የውኃ ታንክ ይታይ ነበር፤ እሱን ይዘው መጡ። እኔ ምስሉ ውስጥ የለሁም። አያ ግን ፊቱም ድምፁም አለ። ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጦ እጁን ታጥቦ ሄደ። «በሬው በእግሩ መጣ» አለ መኪናው ላይ ሲወጣ፣ እኛን ለማሳቅ። ቪዲዮውን ያኔውኑ አጠፋሁት፤ ምን ዋጋ አለው፣ በሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነበር።

ገዳሪፍ ችሎት የቀረበ ዕለት ጠዋት ሽሮ በሳህን ይዤ ሄድኩና ከኋላ ቆምኩ። ዳኛው ድምፁን የማያነሣ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። በአስተርጓሚ ማንን ሰደብህ ብሎ ጠየቀው።

«ማንንም» አለ አያ። «እኛ ጋ ስም አይጠራም፣ ጌታዬ። ግጥሙ የኔ ነው ያለ ሰው እጁን ያነሣል። ይሄ ሰውዬ እስካሁን እጁን አላነሣም። ታዲያ እሱ መሆኑን እናንተ በምን አወቃችሁ?»

አስተርጓሚው ወደ ዓረብኛ ሲመልሰው ሰዉ ሳቀ። ዳኛውም ከመነጽሩ በላይ ቀና ብሎ ፈገግ ሲል አየሁ። ሊለቀው ነው አልኩ፣ ሽሮውን አብረን ልንበላ ነው።

ከሳሹ ስልኩን ይዞ ተነሣ። ስሙ ይኸው ተጽፏል አለ፣ ከነማዕረጉ። ዳኛው ፈገግታውን ዋጠና ይህን የጻፈው ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

ሁለት ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ማማሰያዬን አንሥቼ ያልኩት፣ እየሳቅሁ ያልኩት። የእናቴን ሕመም ሰበብ ላደርገው እችላለሁ፣ ለብዙ ዓመት ራሴንም እንዲያ እያልኩ ሸነገልኩት። ፈራሁ፣ በቃ። የሴቶች እስር ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝና ሳህኔን አቅፌ ከሰዉ ጀርባ ተሸሸግሁ።

አያ ወደ ኋላ አልዞረም። ያጎነበሰበት ሰልፍ ውስጥ ያለ ይመስል ቀና አለ፣ እጁን አነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ።

የተናገረው ተጻፈ፤ በገዛ እጁ የጻፈው መሆኑን አምኗል ተባለ። እንዲፈርም ብዕር ሰጡት። ብዕሩን ገለባብጦ አየውና መልሶ ሰጣቸው። ቀለም አምጥተው አውራ ጣቱን ነከሩለት፣ ጽፌያለሁ ከሚለው ወረቀት ሥር ተጫነ። ዳኛው ያን የጣት አሻራ ብዙ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ስድስት ወር እስራትና ከአገር መውጣት ፈረደ።

እስር ቤቱ በር ላይ ሳህን ይቀበላሉ እንጂ ሰው አያገናኙም። አጨዳው ካለቀ በኋላም ወደ አገሬ አልተመለስኩም፣ ገዳሪፍ ቀረሁ። በየእሑዱ ሽሮ ሠርቼ እወስድለት ነበር፣ ማንኪያ የሚያቆም ሽሮ። ባዶው ሳህን ሁልጊዜ ታጥቦ ይመለስልኛል። ምንም የተላከ ቃል አልነበረውም።

ስድስቱ ወር ሲሞላ ከአገር የሚወጡትን ወደ መተማ እንደሚወስዷቸው ሰማሁና ቀድሜ በአውቶቡስ ድንበሩ ላይ ገላባት ደረስኩ። የድንበሩ ድልድይ አጠገብ የጫናቸው ሎሪ ለፍተሻ ቆመ። ከላይ የታጨቁ ሰዎች አሉ፣ ከመካከላቸው አያ፣ ከስቶ፣ ጺሙ ረዝሞ። እነግረዋለሁ ብዬ ስድስት ወር ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። እኔን ሲያይ ግን ቀደመኝ። በዚያ በደከመ ድምፁ፣ ሽሮ ነው ያልሽውን በጣሳ ጠጣሁት፣ ብሎ ጣለው። የተጫኑት ሁሉ ሳቁ።

እጄን አነሣሁ። «እኔ ነኝ!» አልኩ። እንባዬ መጣ። «አያ፣ እኔ ነኝ! የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

ሎሪው ሞተሩን አስነሣ። አያ በሎሪው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንች የሽሮውን ብቻ እኔ ነኝ በይ፣ እታለም» አለኝ። «የዚያኛውን እኔ ብያለሁ።»